ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

ሊወስዱኝ የመጡት ጠዋት ላይ ነው። ሦስት ነበሩ። ቤቴ መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱ ሲገባ ሁለቱ ውጭ ቆመው ተራ ጠበቁ። ፖሊስ ተራ ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የፊተኛው ክፍሌ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ኮምፒውተሩን ያመጣችልኝ ልጄ ናት። እኔ በር እከፍታለሁ፣ ወረፋ አስከብራለሁ። ቁጭ ብላ የምትጽፈው ግን እዚያው ሰፈር ያደገች፣ የስድስት ወር ሕፃን ያላት ሴት ነበረች። እሷን በዋዜማው ከመንገድ ላይ ይዘዋታል።

«ኮምፒውተሩን ልንወስድ ነው፣ እማማ» አለኝ አለቃቸው።

«ውሰዱት። እንዳትጥሉት ብቻ።»

አንደኛው ገመዱን ከስክሪኑ ጀርባ ነቀለና ብድግ አደረገው። የዚያን ጊዜ ስክሪን ጀርባው ወፍራም፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነበር። መጠቅለያ ሲጠይቀኝ የአልጋ አንሶላዬን ሰጠሁት። ሁለተኛው የፊደል መምቻውን በብብቱ ያዘ። ሦስተኛው ማውዝ የሚሏትን ጅራታም ዕቃ በጅራቷ አንጠልጥሎ ወጣ።

ከጠረጴዛው ጎን አንድ ሳጥን ቆሞ ነበር። በኪሮሽ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አልብሼው፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጬበታለሁ። አለቃቸው ዞር ሲል በጉልበቱ ገጨውና አበባው ሊወድቅ ሲል ያዘው። ወደ ቦታው መለሰውና «ይቅርታ» አለኝ። ቀጥሎ «እርስዎም ከእኛ ጋር ይመጣሉ» አለ።

ጥፋቴ አንዲት ወረቀት ናት። ምርጫው ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰፈሩ ሁሉ ስለ ቆጠራ ነበር የሚያወራው። እኔ ፓርቲ አላውቅም። የማውቀው እድር ነው። እድራችን ሊቀመንበር ስትመርጥ ወረቀቱ ምንጣፍ ላይ ይዘረገፋል፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ እያየ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኗ ለደከመ እንኳ ጎረቤቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች። የምርጫው ቆጠራም እንዲህ እንዲሆን ስድስት መስመር ተናገርኩ፤ ልጅቱ ጻፈች። ስሜን ከሥር አድርጊበት ብላት «እትዬ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ» ብላ ለመነችኝ። ያለ ስም የቦኖው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስም የሌለው ወረቀት እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጣቢያው ስንደርስ አንድ ክፍል ተከፈተልኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ሽንኩርት። ግድግዳው እስከ ትከሻ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ምንም። መስኮቷ ከፍ ብላ የእንጀራ ሌማት ክዳን ታክላለች። አሥራ አንድ ሴቶች ተኮልኩለዋል። ከጥጉ የኔዋ ጸሐፊ ተነሣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሶ ነበር።  ነጠላዬን አውጥቼ በላዩ አሰርኩላት።

ሽንኩርቱ የሚሸተው ከአንዲት የአትክልት ተራ ነጋዴ ነው። ሰፊ ሴት ናት፤ ስትቀመጥ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች።

«አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«ፖሊስ በሽንኩርት መታሽ ብለውኝ። አምልጦኝ ነው እንጂ እኔ ሰው አልመታም።»

«ስንት ሽንኩርት ነው ያመለጠሽ?»

«አንድ ማዳበሪያ።»

ከአጠገቧ መነጽሯን በክር ያሰረች ቀጭን ሴት ነበረች። ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሷን ያመጣት ስልኳ ውስጥ የተገኘ መልእክት ነው። ስታወራ እጇን ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍ ታንቀሳቅሳለች።

የሰማሁት የመጀመሪያ ወሬ ዓርብ መኪና እንደሚመጣ ነው። ጥፋታቸው የጸናባቸው ሰዎች ከከተማ ይወጣሉ ተባለ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኔዋ ጸሐፊ ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ወረቀቷን የጻፈችው እሷ ናት ተብላለች፤ ሕፃኗም እናቷ ጋ ነው።

ይህ ደግሞ ፍርድ አይደለም። ወረቀቷ የኔ ናት። ስለዚህ ማክሰኞ ለምርመራ ስጠራ ከመቀመጤ በፊት ተናገርኩ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቱን ልቀቋት።»

መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ ጨዋ፣ እርስዎ ብሎ የሚያናግር። ወረቀቷን አነሣና አያት።

«እማማ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ነጠላ ሰረዝ አለው፣ ድርብ ሰረዝ አለው።»

«እኔ መሠረተ ትምህርት ተምሬአለሁ። የምስክር ወረቀት አለኝ።»

«በኮምፒውተር ነው የተጻፈው። እርስዎ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ለምን አላውቅም። ዜና የሌለው ቴሌቪዥን ነው።»

ሳቀ። ከጀርባዬ የቆመው ፖሊስም ሳቀ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ጥፋቴን አምኜ ስናገር ግን አትችዪም የተባልኩት ያን ቀን ነው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

«ሐሙስ ዕቃው ወደዚህ ክፍል ይመጣል» አለኝ ሳቁን ሲጨርስ። «ከቻሉ ያሳዩናል። ካልቻሉ የሰው ጥፋት አይውሰዱ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሼ መምህሯ ፊት ተቀመጥኩ።

«ሁለት ቀን አለኝ። ኮምፒውተር አስተምሪኝ።»

«እማማ፣ ተማሪዎቼ በሦስት ዓመት አይጨርሱትም።»

«እነሱ ሻይ ቤት እየሄዱ ነው። እኔ የትም አልሄድም።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሥር መሠረቱ ልጀምር አለችና ኮምፒውተር መጀመሪያ የዕቃ ስም እንዳልነበረ ነገረችን። በሰው አገር ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚደምርና የሚያባዛ ሠራተኛ ነበር ስሙ እንዲያ። አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ።

«ታዲያ ስማቸውን ለዕቃ ሰጡባቸው?» አልኩ።

«አዎ።»

«ሳይጠይቋቸው?»

መምህሯ መነጽሯን አስተካከለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪዎቿ ቀርቦላት አያውቅም መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጡት ዕቃዎች ይህን ክፍል ያክሉ ነበር አለች። ውስጣቸው እንደ አምፖል ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ብርጭቆዎች ነበሩ፤ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ሲቃጠሉ ይቀየራሉ። ሴቶች ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ ነበር ሥራ የሚሰጧቸው።

«ይሄ ክፍል እኮ ነው» አለች የሽንኩርቷ ነጋዴ በነጠላዋ እያራገበች። «እኛ አምፖሎቹ ነን።»

መምህሯ ደስ አላት። «ልክ ነሽ! ያ አምፖል የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። መብራትና መጥፋት። አለ፣ የለም። ዛሬም ቢሆን ትልቁም ትንሹም ኮምፒውተር ከዚህ ሌላ ነገር አያውቅም። ፊደሉን ሁሉ፣ ሥዕሉን ሁሉ፣ በአለና በየለም ነው የሚጽፈው።»

«በሁለት ነገር እንዴት ይጻፋል?»

«ተነሡ፣ ላሳያችሁ።»

ሦስታችንን በተርታ አስቀመጠችን። እኔ አንድ፣ ጸሐፊዋ ሁለት፣ የሽንኩርቷ ነጋዴ አራት። የተቀመጠ የለም ማለት ነው፤ የቆመ አለ ማለት ነው። የቆሙት ይደመራሉ።

«አንድ» አለች መምህሯ። ተነሣሁ።

«ሁለት።» እኔ ተቀመጥኩ፣ ጸሐፊዋ ተነሣች።

«ሦስት።» እንደገና ተነሣሁ።

«አራት።» ሁለታችን ተቀመጥንና የሽንኩርቷ ነጋዴ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ክፍሉ አጨበጨበላት።

ሰባት ስንደርስ ሦስታችንም ቆመን ነበር። 

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ሰባት እስክንደርስ እኔ አራት ጊዜ ተነሣሁ። ይቺ አንድ ጊዜ። እድሜዬ የእናቷን ያክላል። ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው?»

«እማማ፣ የአንድ ቦታ ሥራው እንዲያ ነው።»

«እንግዲያው በየተራ ይሁን። አሁን እሷ አንድ ትሁን፣ እኔ አራት።»

«ኧረ በማርያም!» አለች የሽንኩርቷ ነጋዴ። «እኔን አራት ጊዜ ከምታስነሡኝ ፖሊሱን በማዳበሪያው ሙሉ መታሁት ብዬ ልፈርም።»

ግን ቦታ ቀየርን። ከሁሉም በላይ የገባኝ ያኔ ነው። ቁጥሩ ሴትየዋ ላይ አይደለም፤ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው። የሽንኩርቷ ነጋዴ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ የበሩ መስኮት ተከፈተና ተረኛዋ ፖሊስ ዓይኗን አስገባች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየቆጠርን» አልኩ።

«ምኑን ነው የምትቆጥሩት?»

«እስከ ሰባት።»

ትንሽ አሰበች። ያን ሰሞን ያ ቃል ለፖሊስም አስፈሪ ነበር።

«ቆጠራ ክልክል ነው» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ረቡዕ የቀረውን ተማርኩ። ኮምፒውተር በራሱ አያስብም፤ የታዘዘውን በተራ በተራ ይፈጽማል። ይህ አልከበደኝም። ዳንቴልም እንደዚያ ነው፤ ሦስት ሰንሰለት ሥራ፣ አንድ ዝለል፣ ዙር፣ ድገም። ትእዛዙ ላይ አንዷን ብትሳሳት አበባው ጠማማ ይወጣል። መምህሯ ይህን ስነግራት ለተማሪዎቿ እንደምትነግራቸው ማለች።

«አሁን አካሉን እንይ» አለች። «የፊደል መምቻው ጆሮው ነው፤ የሚነገረውን ይሰማል። ስክሪኑ ፊቱ ነው፤ ያሳያል እንጂ ምንም አያስታውስም። ማተሚያው አፉ ነው። አንጎሉና ትዝታው ያሉት ሳጥኑ ውስጥ ነው። ትዝታውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መብራት ሲጠፋ ይረሳል። ሌላው ሴቭ ሲደረግ ያስቀምጣል፤ ዓመት ቢቆይም አይረሳም።»

«የምን ሳጥን?»

«ከጎኑ የሚቆመው፣ ብረት የሆነው። ሲበራ እም የሚለው።»

እም የሚል ሳጥን አውቃለሁ። በየሳምንቱ አቧራውን እጠርገዋለሁ። እስከዚያች ቀን የመብራት ኃይል የሚያስተካክል ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

«ዳንቴል የለበሰው?» አልኩ።

ጸሐፊዋ ዘላ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ከተያዝን ጀምሮ እንዲህ ስትፈጥን አላየኋትም።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ!»

መምህሯ ግራ ተጋባች። «ሳጥኑን አልወሰዱትም?»

«ቤት ነው» አልኳት በጸሐፊዋ ጣቶች መሀል። «አበባ ተቀምጦበታል። ገጭተውት ይቅርታ ጠይቀውኛል።»

መምህሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑ ገባኝ። ሁላችንም ነጠላ አፋችን ውስጥ ጎሰርን።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት ጸሐፊዋን፣ ሳቁ ሲበርድ።

«እርስዎን ሲያስገቡ በበሩ ያየሁት ስክሪኑን ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ይናገሩታላ። እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያወቁትን አያሳድሩም።»

እውነቷን ነው። ይህ ግን ሁሉን ነገር ቀየረው። ወረቀቷ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ኮምፒውተር አዋቂ መሆኔን ላሳይ ብዬ አንዲት ቃል ብወረውር ሄደው ያመጡታል፤ ልጅቱም ዓርብ ትጫናለች። ካላወቁ ደግሞ ማስረጃቸው ባዶ ነው። የሁለት ቀን ትምህርቴ ተገልብጦ ሌላ ፈተና ሆነ፤ ማወቅ ሳይሆን ዝም ማለት።

«እኔ ውሸት አልናገርም» አልኩ። «ልጅቱን ለማዳን ቢሆንም አልናገርም። ስለ እውነተኛ ቆጠራ ጽፌ፣ ተይዤ፣ ልዋሽ?»

መምህሯ አሰበች። «አይዋሹም፣ እማማ። ኮምፒውተር ይሁኑ። ኮምፒውተር የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ያልተጠየቀውን አይጨምርም።»

ሐሙስ ጠዋት እኔንና ጸሐፊዋን አንድ ላይ ጠሩን። ስክሪኑ የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አንሶላዬ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የጫማ ምልክት አለበት። ባለሙያቸው ሌላ ቦታ ተጠርቶ ነበር። መርማሪው ራሱ ሶኬቱን ሰካው። ትንሽ መብራት በራች፤ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሰሌዳ መጥታ ሄደች፤ ከዚያ ጥቁር። የፊደል መምቻውን መታው። ማውዟን አሻት። ጥቁር።

«ለምን አይሠራም?» አለ።

እኔን አይደለም የጠየቀው፤ አየሩን ነው። ዝም አልኩ። ጸሐፊዋ ጎኔ ቆማለች፤ ትንፋሿን እሰማለሁ።

«እማማ፣ ያሳዩና። ይቻላል ብለው አልነበር? ወረቀቷን ከዚህ ያውጡ።»

«ከዚህ አትወጣም።»

«አጥፍታችሁታል ማለት ነው?»

«ምንም አላጠፋንም።»

«ታዲያ በዚህ ውስጥ ምንም ጽሑፍ የለም?»

«የለም።»

«ኖሮም አያውቅም?»

«በዚህ ውስጥ? ኖሮ አያውቅም።»

«ይምላሉ?»

«ሚካኤልን!»

ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ። አንድ ጊዜ ጎኑን በጥፊ መታው። አለመሥራቱን ቀጠለ። መርማሪው ደክሞት ነበር፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ወረቀት ሳበና ጽፎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ኮምፒውተሩ ተመርምሮ ምንም ዓይነት ጽሑፍ አልተገኘበትም።» ቀና አለና «ይፈርሙና ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ጸሐፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች። መርማሪው የአሻራ ቀለሙን ወደ አውራ ጣቴ ገፋው።

እጄን ሰበሰብኩ።

«አልፈርምም።»

ጸሐፊዋ ከኋላ ቀሚሴን ያዘች።

«ለምን?»

«አንዷ ቃል ትውጣ።»

«የቷ?»

«ኮምፒውተሩ የምትለዋ።»

ቀሚሴ ተጎተተ። በልቤ መምህሯን ይቅርታ ጠየቅኳት። ግን ያ ወረቀት እንዳለ ቢፈረም ስሜ ያለበት ውሸት ነው የሚሆነው፤ በስሜ ደግሞ እኔ እንጂ ማንም አያዝም።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ መርማሪው።

«ይህ ከፊታችን ያለው ዕቃ በል።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው ለምን አትጽፈውም?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።  በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰና ቃሏን ሰርዞ ከላይዋ ጻፈ። «ይህ ከፊታችን ያለው ዕቃ ተመርምሮ።»

«አሁን እውነት ነው» አልኩ። «እስክሪብቶውን ስጠኝ።»

«ጣት ይበቃል፣ እማማ።»

«እኔ ስም አለኝ።»

ስሜን ጻፍኩ። የአባቴን ስም ጻፍኩ። እጄ ዝግተኛ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ መሠረተ ትምህርት ጊዜ አክብሬ አስቀመጥኩ። ቆሞ ጠበቀ። ጨርሼ ስነሣ «ወረቀቷን የተናገርኳትም እኔ ነኝ፣ ይህንንም ጻፍበት» አልኩት።

«እማማ፣ ይሂዱልኝ።»

«አንሶላዬንም።»

አንሶላዬን ሰጠኝ።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችን በእግራችን ወጣን። መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መምህሯ ከሚጫኑት ውስጥ ነበረች። ስናልፍ አየችንና ቆመች፤ ቀጥሎ ተቀመጠች፤ እንደገና ቆመች። ዙሪያዋ ያሉት ምን እንደሆነች አላወቁም። እኛ አውቀናል። አለሁ ማለቷ ነው።

የተመለሰችው ከወራት በኋላ ነው፤ ከስታ፣ መነጽሯ ያው በክሩ። መጀመሪያ የመጣችው ቤቴ ነው። ስክሪኑ ተመልሶልኝ ነበር። ዳንቴሉን አነሣች፣ ገመዱን ሰካች፣ ሳጥኑ እም አለ። ወረቀቷ እንዳለች ወጣች፤ ስድስቱ መስመር፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙ። አንድ አትመን ከሥሩ ስሜን በእጄ ጻፍኩበት። ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ናት።

ያቺ የስድስት ወር ሕፃን አሁን ኮረዳ ናት። በስልኳ ውስጥ የኔን የመሰሉ ብዙ ሳጥኖች እንደሚገቡ ትነግረኛለች። ይግቡ። የኔው ከሞተ ቆይቷል፤ እም አይልም። ባለፈው ቆራሌው በመተላለፊያው ሲያልፍ አንገቱን አስገብቶ አየው።

«እማማ፣ ያ ብረት አይሸጥም?»

«አይሸጥም። ምስክር ነው።»

«የምን ምስክር?»

«ገና አልተጠራም» አልኩትና ዳንቴሉን አስተካከልኩለት።